አበባውን ቁረጡ፣ ቅጠሉን ተዉለት

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪና ማርች አንድ ዓይነት ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያውን ይሞላዋል። በረዶ የለበሰ መሬት፣ በረዶውን ሰንጥቃ የወጣች ትንሽ አበባ፣ ከሥሯ ደግሞ ስለ ጽናት የተጻፈ አንድ መስመር። «ብርዱ አልበገራትም» ይላል። ወይም «እንደዚህች አበባ ሁኑ»። ሚኒሶታም ቶሮንቶም ስቶክሆልምም ያለ ሀበሻ ያጋራዋል፤ አገር ቤት ያለውም ይቀባበለዋል። ፎቶው ልብ ይነካል። መልእክቱ ግን ከግማሽ በላይ ስህተት ነው።

አበባዋ ብርዱን የቻለችው ጠንካራ ስለሆነች አይደለም። እንዲያውም በአካል ከደካሞቹ ወገን ናት፤ አገዳዋ ከስንደዶ ቢወፍር ነው። ብርዱን ያሳለፋት ፎቶው ውስጥ የማይታይ ነገር ነው። ከፊሉ ከመሬት በታች አለ፣ ከፊሉ ደግሞ ካለፈው ዓመት የመጣ ነው። ይህን ሳያውቁ «እንደሷ ሁኑ» ማለት፣ ስንቅ ሳይቋጥሩለት ሰውን «በረሃውን አቋርጥ» ብሎ እንደመሸኘት ነው።

በዚህ አባባል ደግሞ ብዙ ሰው ይጎዳል። በተለይ በብርድ አገር ያለ ሰው፣ በተለይ «ጠንካራ ናት» የተባለች ሴት። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን አበባዋ እንዴት እንደምትኖር ማየት ይገባል።

፨

ስለየትኞቹ አበቦች እንደሚወራ መጀመሪያ ይለይ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሳይወጣ ብቅ ከሚሉት ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው። ቀዳሚዋ ስኖውድሮፕ ናት፤ ነጭ፣ አንገቷን የደፋች፣ ከስንዝር እምብዛም የማትረዝም። በዕፅዋት መዝገብ ያላት ስም «የወተት አበባ» ማለት ሲሆን፣ ያወጣላት ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1753። ፈረንሳዮች ደግሞ «በረዶ በሺ» እንደማለት ይጠሯታል። ቀጥሎ ክሮከስ ይመጣል፤ ወይን ጠጅ፣ ቢጫ ወይም ነጭ ሆኖ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ስኒ ይታያል። ከዚያ መሐሉ ላይ መለከት የመሰለ ነገር ያለው ቢጫው ዳፎዲል ነው። መጨረሻ ላይ ቱሊፕ።

አራቱንም የሚያዛምዳቸው እንደ ሽንኩርት ከመሬት በታች ራስ ማበጀታቸው ነው። ሽንኩርት የላጠ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ያ ድርብርብ ሥጋ ሥር አይደለም፤ ምግብ ያጠራቀመ ቅጠል ነው። ሥሩ ከታች ያለው፣ ጺም የመሰለው ነው። ጓዳ ውስጥ የተረሳ ሽንኩርት አፈርም ውኃም ሳይነካው አረንጓዴ ቡቃያ ሲያወጣ ያየ ሰው፣ የእነዚህን አበቦች ምሥጢር ግማሹን አይቷል። ቡቃያው የሚበላው ራሱ ውስጥ ከተቀመጠው ስንቅ ነው። ክሮከስ እንኳ በትክክል ሲታይ ከሽንኩርት ይልቅ ለእንሰት አምቾ ይቀርባል፤ ድርብርብ ሳይሆን ድፍን ነው። ሥራው ግን ያው ነው።

የአገር ቤቷ አደይ አበባ ከእነዚህ ጋር አትመደብም። አደይ ከዘር ትበቅላለች፣ የክረምቱን ዝናብ ጠጥታ መስከረም ላይ ትፈነዳለች፣ ዘሯን በትና ትሄዳለች። እሷ የምትጠብቀው ዝናብ ነው። እዚህ ላይ የቃልም ግራ መጋባት አለ። አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ጭቃ፣ ጎርፍ፣ ደግሞም ልምላሜ። የፈረንጁን ዊንተር «ክረምት» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ መሬቱ ራሱ ድንጋይ የሚሆንበትን ወራት በዝናብ ስም ጠራው። ደብረ ብርሃንና አንኮበር የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ይቀርበዋል። እሱም ቢሆን ውርጩን የሚያውቀው ጠዋት ጠዋት ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ትገፈዋለች። ወራት ሙሉ የማይለቅ ብርድ ሌላ ነገር ነው።

፨

ኦክቶበር ላይ ለተከላ ከተገዛ የቱሊፕ ራስ አንዱን በቢላ ለሁለት ቢሰነጥቁት፣ መሐሉ ላይ አበባው አለ። ገና አልተተከለም። በረዶ አላየም። አበባው ግን በደቃቁ ተሠርቶ አልቋል፤ ከቅጠሉ ጋር ተጣጥፎ ተኝቷል። የዳፎዲልም ነገር እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም የመጪው ዓመት አበባ መሠራት የሚጀምረው የዘንድሮው ከጠወለገ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ስለዚህ ማርች ላይ በረዶ መሐል የሚታየው አበባ የማርች ሥራ አይደለም። ባለፈው ዓመት በሙቁ ወራት፣ ማንም ፎቶ ባላነሳው ቅጠል፣ በዚያን ጊዜ ፀሐይ የተሠራ ነው። ማርች የሚያደርገው ቢኖር የተዘጋጀውን ማውጣት ነው።

ለምን በዚያ ብርድ እንደሚወጣ ለሚጠይቅ መልሱ ቀላል ነው። ስኖውድሮፕን የመሳሰሉት የጫካ ልጆች ናቸው። ከላያቸው ያሉት ትልልቅ ዛፎች ቅጠል ካወጡ በኋላ መሬቱ ይጨልማል። ትንሿ አበባ ከዛፍ ጋር ታግላ አታሸንፍም። ስለዚህ ዛፎቹ ሳይነቁ ቀድማ ትነቃለች፣ ብርሃኑን ትጠቀማለች፣ ዘርና ስንቅ ትሰበስባለች፤ ጥላው ሲመጣ እሷ ተመልሳ መሬት ገብታለች። ቱሊፕ ደግሞ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ልጅ ነው። እዚያ ክረምቱ መራራ፣ በጋው ደረቅና ትኩስ ነው። ራስ አበጅቶ መሬት ውስጥ መደበቁ ከብርዱ ብቻ ሳይሆን ከድርቁም ያስመልጠዋል። ሁሉም የሚኖሩት በምትገኘዋ ጠባብ ጊዜ ነው፤ የተረፈውን ዓመት በመደበቅ ያሳልፋሉ።

መደበቂያውም የዋዛ አይደለም። አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ወፍራም በረዶ በለበሰ መሬት ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ብዙ ጊዜ ዜሮ አካባቢ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛው አየር ስለሆነ ሙቀት አያሳልፍም። ጋቢ የሚያሞቀው በድርቡ መሐል አየር ስለሚይዝ እንደሆነ ሁሉ፣ በረዶም ለመሬቱ ጋቢ ይሆነዋል። ፎቶው ላይ ጠላት መስሎ የሚታየው በረዶ ለራሱ ልብሱ ነበር። አትክልተኞች የሚፈሩት በረዶ የሌለበትን፣ መሬቱ ራቁቱን የቀረበትን ብርድ ነው።

ክሮከስ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ልማድ አለው። በየዓመቱ አዲሱ ራስ የሚበቅለው በአሮጌው ላይ ነው። በዚህ አካሄድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመሬት በላይ ወጥቶ ብርድ ሊመታው ይገባ ነበር። ነገር ግን የሚኮማተሩ ልዩ ሥሮች አሉት። ሥሮቹ ወደ ታች ይሄዱና አፈሩን ይዘው ያጥራሉ፤ አዲሱን ራስ ጎትተው ወደሚበቃው ጥልቀት ይመልሱታል። ከፍ ባለ ቁጥር ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

፨

ብቅ ካለ በኋላስ? ያኔ ጋቢው የለም። አበባውና ቅጠሉ ውጭ ናቸው፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል።

ሜሪላንድ ውስጥ በሆም ኬር ሥራ አንዲት አሮጊት የምትጠብቅ ሴት ነበረች። የመጀመሪያዋ ማርች ነው። ጠዋት መጋረጃውን ስትከፍት፣ ትናንት ቀጥ ብለው የነበሩት ዳፎዲሎች ሁሉ መሬት ላይ ተኝተዋል። ውርጭ መትቷቸዋል። የፈላ ውኃ ያገኘው ጎመን መስለዋል። አዘነች፤ ሴትየዋ ሳያዩት ቆርጣ ልትጥልላቸውም መቀስ አነሳች። አሮጊቷ ከአልጋቸው ሆነው «እስከ ምሳ ሰዓት አትንኪያቸው» አሏት። ምሳ ሲደርስ ግማሾቹ ቆመው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁሉም።

ሴትዮዋ አስማተኛ አልነበሩም፤ ብዙ ማርች ያዩ ሰው ናቸው። የሆነው ይህ ነው። የተክል ሕዋስ የሚሞተው በብርዱ ራሱ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ተለውጦ ሲቀድደው ነው። እነዚህ አበቦች ብርድ ሲመጣ ውኃው ከሕዋሱ ወጥቶ በሕዋሳቱ መሐል ባለው ክፍተት እንዲረጋ ያደርጋሉ። በሕዋሱ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ስኳር የበዛበት ይሆናል፤ ያከማቹትን ስታርች በብርዱ ወራት እየፈቱ ወደ ስኳር ይለውጡታል። ስኳር ያለበት ውኃ ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ውኃው ሲወጣ ግን አገዳው ውጥረቱን ያጣል፤ እንደተነፈሰ ጎማ ይተኛል። ፀሐይ ስትወጣ ውኃው ይመለሳል፣ አገዳው ይነሳል።

መውደቁ እንግዲህ የመሸነፍ ምልክት አልነበረም፤ የሚያድነው እሱ ነበር። ቀጥ ብሎ ለመቆም ውኃውን በሕዋሱ ውስጥ ይዞ የቀረ አገዳ በዚያች ሌሊት ይቀደዳል። በአማርኛ «ክፉ ቀንን ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ» የሚባለው ይህ ነው። ክሮከስም የራሱ ዘዴ አለው፤ ፀሐይ ሲያገኝ ይከፈታል፣ ደመና ሲያልፍና አየሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ይዘጋል። ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ የመታየት ግዴታ የለበትም።

ጽናትን ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ አድርጎ የሚሰብክ ሰው ይህን ጠዋት አላየም። ያለቀሰ፣ ሥራ የቀረ፣ ስልክ ያላነሳ፣ አንድ ሳምንት ከአልጋው ያልወጣ ሰው ወዲያው «ወደቀ» ይባልና መቀስ ይነሳበታል። እስከ ምሳ ሰዓት የሚጠብቅለት ያጣል።

፨

ብርዱን በተመለከተ ሌላም ሊነሳ የሚገባው ነገር አለ። ቱሊፕ ብርዱን መቻል ብቻ ሳይሆን ይፈልገዋል። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከዜሮ በላይ ሆኖ ከ9 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ካልተኛ አበባው በወጉ አያድግም፤ አገዳው ሳይረዝም ይቀራል፣ ወይም እንቡጡ እዚያው ይደርቃል። ስለዚህ ፍሎሪዳን በመሰለ ሙቅ አገር ያሉ አትክልተኞች ራሶቹን ከተከላ በፊት ለሳምንታት ፍሪጅ ውስጥ ያስተኟቸዋል። ከአፕል ጋር ግን አያስቀምጧቸውም፤ የበሰለ ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ በራሱ ውስጥ ያለውን እንቡጥ ይገድለዋል። ጓዳ ያለው ነጭ ሽንኩርትም ዘመዱ ነው፤ በቂ ቅዝቃዜ ካላገኘ ፍሬ ፍሬ ሆኖ አይከፋፈልም፣ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ ደስ ይለዋል። «አያችሁ፣ መከራ ያስፈልጋል፤ ያለ ብርድ አበባ የለም» ይላል። ትንሽ ይታገሥ። ያው ራስ በአበባ ማሰሮ ተተክሎ በረንዳ ላይ ቢቀመጥ ያው ብርድ ይገድለዋል። በማሰሮው ዙሪያ መሬት የለም፤ ብርዱ ከአራት አቅጣጫ ይገባል። ውኃ በሚቋጥር ጭቃ ውስጥ ቢተከልም ይበሰብሳል። በጥር ወር ድንገት ሞቆ ካስወጣው በኋላ ኃይለኛ ውርጭ ቢመለስም፣ ያበጠው እንቡጥ ሊቃጠል ይችላል። ብርዱ የሚጠቅመው በዙሪያው በቂ መሬት ላለው፣ ስንቅ ለቋጠረ፣ በጊዜው ለተከሉት ራስ ነው። ለሌላው ብርድ ያው ብርድ ነው።

ስለዚህ «መከራ ሰውን ያጠነክራል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጎድለዋል። በዙሪያው ምን ያህል አፈር ነበረው?

፨

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ወደ ቅጠሉ።

ሜይ ሲመጣ የዳፎዲሉ አበባ ጠውልጓል። የቀረው ቅጠሉ ነው። ይረዝማል፣ ይንጋደዳል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቢጫ እየሆነ ይመጣል። የሚያምር ነገር የለውም። ግቢው የተዝረከረከ ይመስላል። ስለዚህ ሰው ያጭደዋል። ሣር ማጨጃ ማሽን ያስኬድበታል። ወይም ለማሳመር እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ያስረዋል።

ያች በሆም ኬር የምትሠራ ሴትም ሜይ ላይ እንደገና መቀስ አነሳች። ንጹሕ ሰው ናት፤ ግቢው አስጠላት። አሮጊቷ እንደገና ከለከሏት። «እሱን አይደለም፤ እሱ ነው የሚሠራው» አሏት።

ልክ ናቸው። የመጪው ዓመት አበባ የሚሠራው በዚያ በሚያስጠላ ቅጠል ነው። አበባው ከጠወለገ በኋላ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ያህል ቅጠሉ ከፀሐይ የሚያገኘውን ወደ ታች ያወርዳል፤ ባዶ የቀረውን ጎተራ እንደገና ይሞላል። አንዴ ያበበ ራስ ስንቁን ጨርሷል። ቅጠሉ ቶሎ ከተቆረጠበት ጎተራው ሳይሞላ ይተኛል። በሚቀጥለው ማርች ቅጠል ብቻ ይወጣል፤ አበባ የለም። አትክልተኞች እንዲህ ያለውን ራስ «ዕውር» ይሉታል። ባለቤቱ ደግሞ «ክረምቱ ከብዶ ነበር፣ ብርድ መታው» ይላል። ብርዱ ምንም አላደረገም፤ የጎዳው የሜይ መቀስ ነው።

ልብ የሚባለው ግን ይህ ነው፤ አበባውን መቁረጥ ራሱን አይጎዳውም። ዳፎዲል ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ ለጎረቤት መስጠት፣ ለታመመ ሰው ይዞ መሄድ ይቻላል። እንዲያውም ዘር ለመሥራት ሊያወጣው የነበረውን ጉልበት ይቆጥብለታል። አበባው ለሰው ነው። ቅጠሉ ግን ለራሱ ነው። የሚታለብ ላም ያለው ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ለጥጃ ሳይተው ያለበ ሰው ከርሞ የሚያልበው አያገኝም።

፨

ወደ ሰው እንመለስ ከተባለ፣ የስልኩ ወግ የታወቀ ነው።

«እታለም፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ። የኛ ተስፋ አንቺው ነሽ።»

«ተመስገን፤ እኔ ምን እሆናለሁ።»

ከዚያ ወንድም ባጃጅ ሊገዛ ነው፤ የአክስት ልጅ ሠርግ ደርሷል፤ የቤት ኪራይ ጨምሯል። ማንም ክፉ አይደለም። የሚጠየቀው ሁሉ እውነተኛ ችግር ነው። እሷም ትልካለች፤ መላኩ ደስ ይላታል፣ የመጣችበትም ምክንያት ነው። አበባው ይኸው ነው፤ ይቆረጥ፣ ይሰጥ።

ጥያቄው ከምን ላይ እንደሚቆረጥ ነው። ሁለተኛ ፈረቃ ስትጨምር እንቅልፏ ሄደ። ሦስተኛ ስትጨምር ለነርስነት የተመዘገበችበት ሴሚስተር ተቋረጠ። «ዘንድሮ ይለፍ፣ ለከርሞ እቀጥላለሁ» አለች። የእንግሊዝኛ ትምህርቷ ቀረ። ቅዳሜን አብራቸው የምታሳልፋቸው ጓደኞች ቀስ በቀስ መደወል ተዉ። ከእነዚህ አንዱም ከሩቅ አይታይም። ፎቶ ላይ አይወጣም። እንደ ሜይ ቅጠል ናቸው፤ ሲያዩዋቸው የተዝረከረከ ጊዜ፣ የባከነ ሰዓት ይመስላሉ። የመጪው ዓመት ጉልበት የሚጠራቀመው ግን በእነሱ ነው።

ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ያች ሴት ድንገት ዝም ትላለች። አትልክም፣ አትደውልም፣ አትስቅም። ያኔ «ፈረንጅ አገር ልቧን አደነደነው» ይባላል። «ብርዱ ለወጣት»። ዕውር የሆነውን ዳፎዲል ያየ ሰውም በብርዱ ነበር ያሳበበው።

በአበባ ንግድ ውስጥ ይህን በግልጽ የሚያደርጉት አሉ። ለገበያ በግሪንሃውስ የሚመረተው ቱሊፕ አብዛኛውን ጊዜ ከነራሱ ይነቀላል፤ አበባው ከቅጠሉ ጋር ተጠቅልሎ ሲሸጥ ራሱ ይጣላል። ነጋዴው አይከስርም፤ ለከርሞ አዲስ ራስ ይገዛል። ቤተሰብ ግን አዲስ እህት አይገዛም።

፨

ከዚያም የባሰ አለ፤ ራሱን መብላት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 መሐል በነበረው ክረምት፣ በጀርመን ጦር ሥር የነበረው የሆላንድ ምዕራባዊ ክፍል ተራበ። የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር፤ ጀርመኖች በአጸፋው ምግብ እንዳይገባ ከለከሉ፤ ቦዮቹም በረዶ ሆኑ። ሆላንዶች ዘመኑን «የረሃብ ክረምት» ይሉታል። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። በዚያ ጊዜ ሰው የቱሊፕ ራስ በላ። መሐሉ ላይ ያለው ቢጫ እምብርት መርዝ ስላለበት እሱን አውጥቶ፣ ቀሪውን ቀቅሎ ወይም ፈጭቶ። ዳፎዲል ግን አይበላም፤ ራሱ መርዛም ነው።

የተራበ ሰው በማድረጉ አይፈረድበትም። በክፉ ቀን ለዘር ያስቀመጠውን እህል የበላ ገበሬ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ሲበላው ምን እንደሚበላ እሱ ራሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አበባ መስጠት ደግነት ነው። ቅጠል መስጠት ብድር ነው፤ ከርሞ ይከፈላል። ራስን መብላት ግን የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው። ሦስቱን አንድ ስም ሰጥቶ ሁሉንም «ጽናት» ማለት፣ የመጨረሻውን ቀን እንደ ማንኛውም ቀን መቁጠር ነው።

ታሪኩ ሌላም ጎን አለው። በጦርነቱ ዘመን የሆላንድ ልዕልት ዩሊያና ከልጆቿ ጋር ካናዳ ተጠግታ ነበር፤ ሦስተኛ ልጇ ማርግሪት በ1943 የተወለደችው ኦታዋ ነው። አገሯ ነፃ በወጣችበት በዚያው በ1945 ዩሊያና ለኦታዋ ምስጋና 100,000 የቱሊፕ ራስ ላከች። ስጦታው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቀጥሏል፤ ከ1953 ጀምሮም ከተማዋ የቱሊፕ በዓል ታከብራለች። የተላከውን ልብ በሉ። እቅፍ አበባ አልላኩም፤ ያ በሳምንቱ ይጠወልጋል። ራሱን ላኩ፤ ተቀባዩ ተክሎ፣ ጠብቆ፣ በየዓመቱ እንዲያይ።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሀበሻም እንዲህ ያለውን ሥራ በየዓመቱ ያየዋል። ከአርሊንግተን ወደ ሬገን ኤርፖርት በፖቶማክ ወንዝ ዳር ሰው ያመላለሰ ባለታክሲ፣ ማርች ላይ መንገዱ ዳር የሚሞላውን ቢጫ ዳፎዲል ያውቀዋል። በ1960ዎቹ የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ባለቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን ዋና ከተማዋን ለማስዋብ ባካሄዱት ዘመቻ የተጀመረ ተከላ ነው፤ እዚያው ያለው መናፈሻም በ1968 በስማቸው ተሰይሟል። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ አያቶች ናቸው። አበባው አሁንም ይወጣል።

፨

እንግዲህ የብርድ አገር ነዋሪ የሆነና ደጃፉ ላይ ቁራጭ መሬት ያለው ሰው ቢሞክረው ከባድ ሥራ አይደለም። ጊዜው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ነው፤ መሬቱ ቀዝቅዞ ግን ሳይደርቅ። ጉድጓዱ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ይጥለቅ። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ጺሙ ወደ ታች ይሁን። ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይሁን። ከዚያ አፈር መመለስና መርሳት ነው። ልጅና ውሻ ባለበት ቤት ራሶቹ ከሽንኩርት ጋር እንዳይምታቱ ለብቻ ይቀመጡ።

ማርች ላይ ሲወጣ ውርጭ ቢጥለው ማንም አይደንግጥ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ይጠበቅ። አበባውን ለሚወዱት ሰው ቆርጦ መስጠት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ሜይና ጁን ላይ ያን ቢጫ፣ የተንጋደደ፣ የማያምር ቅጠል ዝም ብሎ ማየት። ጎረቤት ቢታዘብም፣ ግቢው ቢዝረከረክም፣ ራሱ ደርቆ በእጅ ሲነካ ያለ ጉልበት እስኪለቅ ድረስ መተው።

አገር ቤት ሆኖ ውጭ ያለች እህት ያለችው ሰው ደግሞ መሬት መቆፈር አያስፈልገውም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል «ጠንካራ ነሽ» ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃት። ትምህርቱስ? እንቅልፍሽስ? ቅዳሜን ከማን ጋር ነሽ? «አቁሜዋለሁ» ካለችው፣ ባጃጁ አንድ ዓመት ይቆይ።